ሞትን ያታለለው ቀሚስ

ሞት ሞኝ ነው ይላል አቃቂ በሰቃ። ነገሥታትን ከዙፋን፣ ጄኔራሎችን ከታንክ ላይ የሚያወርደው ሞት ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ካለው ሠፈር ሲደርስ ከተማ እንደገባ ባላገር ግራ ይገባዋል። ወንድ ልጅ ሊወስድ መጥቶ ቀሚስ ካየ ይመለሳል። ስለዚህ ወንድ ልጅ አልበረክት ያላት እናት የሚቀጥለውን ቀሚስ ታለብሰዋለች፤ ጆሮውን ትበሳዋለች፤ ፀጉሩን ትጎነጉናለች፤ የሴት ስም ታወጣለታለች። ሞት በበሩ በኩል አጮልቆ ያያል፣ "ሴት ናት" ይላል፣ ያልፋል። ሴት ልጅ ለሞት እንኳ አትረባም ብሎ የሚያምን ሠፈር ይህን ብልሃት ቢፈጥር አይገርምም።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀብራለች። አንደኛው ጡት ሳይጥል፣ ሁለተኛው ወፌ ቆመች ሲባልለት። የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ባሏም ሦስተኛውን ሆዷ ውስጥ ትቶላት ልጆቹን ተከተለ። ሦስቱንም የቀበረላት የሠፈሩ ዕድር ነው፤ ድንኳን ጥሎ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ አስተዛዛኝ አስቀምጦ። ይህችን ድንኳን አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሦስተኛው ተወለደ። ወንድ ነው። ደጅ የቆሙት ሴቶች ለወንድ ከሚባለው ሰባት እልልታ አራቱን ዋጥ አድርገው ለሴት የሚባለውን ሦስቱን ብቻ አሰሙ። እልልታውን የመራችው የግድግዳ ጎረቤቷ ፍቅርተማርያም ናት። ስሙንም ያወጣችው እሷው ናት።

"ዮዲት በሏት" አለች። "ዮዲት የሚል ስም የሰማ ሞት ራሱ ነው የሚሸሸው!"

እውነተኛው ስም ወንድዬ ነው፤ እሱ ግን ልጁ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ታሽጎ ተቀመጠ። ሠፈሩ በሞላ ህቡዕ ድርጅት ሆነ። የድሮዎቹ የአብዮት በራሪ ወረቀቶች "ምስጢር መጠበቅ የታጋይ ግዴታ ነው" እያሉ ስንቱን ወጣት ለምነው ያላገኙትን ዲሲፕሊን አቃቂ በሰቃ ያለ አንድ ስብሰባ ተግባራዊ አደረገው። ባለሱቁ "ዮዲ፣ ነይ ከረሜላ" ይላታል። ጠበል ሲቀመስ "ዮዲ፣ እንኪ ቅመሺ" ትባላለች። የዕድሩ ሰብሳቢና የልጁ የክርስትና አባት ጋሼ አሻግሬ ባገኛት ቁጥር ጉንጯን ቆንጥሮ "የኔ ሙሽራ፣ ለማን ልዳርሽ?" ይላታል። እሷም ጣቷን ወደ ካህኑ በቅሎ ትጠቁማለች፤ ሠፈሩ ይስቃል።

ከዚህ ወዲያ ይህ ጽሑፍ "እሷ" ይላታል። የሚቆጣ ካለ ወደ በሰቃ ሄዶ ይቆጣ። መጀመሪያ "እሷ" ያላት ሠፈሩ ነው።

ቀሚሱ ነው ያበላሸው የሚሉ ሊቃውንት እንዳሉ አውቃለሁ። ለነሱ መልሱ ጃለታ ነው። ጃለታ ከሐዲዱ ማዶ፣ አቃቂ ፋብሪካ ሳትሆን ጤፍ በነበረች ጊዜ መሬቱን ያርሱ ከነበሩ ሰዎች ቤት የተወለደ የዮዲ እኩያ ነው። እሱንም እናቱ ለዚያው ተንኮል ቀሚስ አልብሳ በሴት ስም ፌኔት ብላዋለች። ፌኔት ግን ገና በደንብ መሮጥ ሳይችል ቀሚሱን አውልቆ ቦይ ውስጥ ከተተ፤ ሲያለብሱት ያወልቃል፣ ሲያለብሱት ያወልቃል፤ በመጨረሻ እናቱ "ሞት ከፈለገ ይውሰድህ!" ብላ ሱሪ ገዛችለት። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ሠፈር፣ አንድ ዓይነት ሞት። አንዱ ላይ ቀሚሱ ልብስ ሆነ፣ አንዱ ላይ ማቅ። ቀሚስ ሰው ቢሠራ ኖሮ ካህናቱ ሁሉ የት በደረሱ!

ዮዲ ሰባት ዓመት ሞላት። ድግስ ተደገሰ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ የዕድሩ ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደስታ ተተከለ። ልጅቱን መሐል ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ጋሼ አሻግሬ መቀስ አነሳ፤ ሹሩባዋን አንድ በአንድ እየቆረጠ እናቷ ጭን ላይ ወረወረው። ቀሚሷን አውልቀው ካኪ ሱሪና ኮት አለበሷት።

"ከዛሬ ጀምሮ ወንድዬ ነው!" አለ ጋሼ አሻግሬ።

ጭብጨባ። ፍቅርተማርያም ሰባት ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጋ ያቆየቻቸውን አራቱን እልልታዎች አንድ ላይ ለቀቀቻቸው። ልጅቱ ዙሪያዋን አየች።

"ዮዲስ?" አለች።

"ዮዲማ ሄደች" አላት ጋሼ አሻግሬ።

"የት?"

"ሞት ወሰዳት!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አንዳንዱ ጠላው ትን አለው።

"እኔ እኮ እዚህ ነኝ" አለች ዮዲ። ሳቁ ባሰ። ኳስ ሰጥተው ወደ ውጪ ላኳት። ጨርሰናል ብለው አምነዋል፤ ሞት ተሸውዷል፤ አሁን ዋሾዎቹ ሁሉ ወደ እውነት በሰላም ተመልሰዋል። እውነቷን ይዛ መሐላቸው የቀረችው ልጅ ናት የተቸገረችው።

ወሩ ሳይሞላ እንቁጣጣሽ ደረሰ። ባለፈው ዓመት የአበባዮሽ ዘፈኑን ያወጣችው ዮዲ ነበረች፤ ድምፅዋ ከሁሉም ይቀጥን ነበር። ዘንድሮም አደይ አበባዋን በኮቷ ጉንፍ ይዛ፣ በካኪ ሱሪዋ፣ ከሴቶቹ ልጆች ጋር ተሰለፈች። ፍቅርተማርያም በር ላይ እጇን ዘርግታ አገደቻት።

"አንተ የቡሄ ነህ እንጂ የአበባዮሽ ነህ እንዴ? ቡሄ ደግሞ አልፏል። ለከርሞ!"

"አምና እኮ እርስዎ ነዎት ከበሮ የሰጡኝ፣ እትዬ።"

"አምና አምና ነው። ሂድ አሁን፣ ወንዶቹ ኳስ እየተጫወቱ ነው።"

ሄደች። ኳሱ ጋ ሳይሆን እናቷ ጋ።

"እማዬ፣ እኔ ዮዲ ነኝ።"

"ነበርክ።"

"አሁንም ነኝ።"

ብዙወርቅ በጥፊ አጠናገረቻት፤ ወዲያው ደግሞ ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። "ሁለተኛ ይህን ስም እንዳትጠራ! ይሰማል።"

"ማን?"

"ሞት ነዋ። ለካ አታለውኛል ብሎ ይመለሳል።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም ያውቀዋል፤ ማንም አያወራውም እንጂ። ትምህርት ቤት ከወንዶቹ ረድፍ ቆመች፤ በቡሄ ዱላ ይዛ መሬት ደበደበች፤ ሆያ ሆዬውን እንደ ግዞተኛ ተቀበለች። ድምፅዋ ሲጎረንን ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በራሷ ጊዜ ወጣች። የጆሮዋ ቀዳዳ ብቻ እንዲዘጋ አልፈቀደችም። ሲደፈን ሲደፈን መጥረጊያ ጭራሮ እየሰካች ከፈተችው።

ያወቀው አንድ ሰው ጃለታ ነው። እሱ የቤት ሥራ አይሆንለትም፣ እሷ ድብድብ አይሆንላትም፤ ስለዚህ የተፈጥሮ አጋርነት ነበራቸው። ዘጠነኛ ክፍል እያሉ ከአቃቂ ወንዝ በላይ ባለው ድልድይ ላይ ተቀምጠው አሁንም ዮዲ መሆኗን ነገረችው። ጃለታ ወደ ወንዙ ድንጋይ ወረወረና፣

"ለማንም አልናገርም" አለ። "አንቺም ግን ፌኔትን ለማንም እንዳትነግሪ።"

"ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ።"

"ረስተውታል። አታስታውሻቸው።"

ተጨባበጡ። በዚያ ዕድሜዋ "አንቺ" ያላት ብቸኛ ሰው ነበርና ቃሉን እንደ ማኅተም ያዘችው። አጋርነት በጋራ ጥቅም ላይ ሲመሠረት ጥቅሙ እስካለ ድረስ ይዘልቃል ይሉ ነበር ባለ በራሪ ወረቀቶቹ። ዮዲ አላነበበቻቸውም።

ትምህርቱን ጨርሳ ሥራ ያገኘችው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ደጃፍ ነው። ጠያቂ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ስለዚህ ደጅ ላይ ጥላ ተክለው የሰው ስልክና ቦርሳ የሚጠብቁ አሉ። ዮዲ አንዲት ጥላ፣ ክፍልፋይ ያለው የእንጨት ሳጥንና ከካርቶን የተቆረጡ ቁጥሮች ይዛ ተቀመጠች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ስንቅ ያንጠለጠለች አንዲት ከሩቅ የመጣች ሴት ጎንበስ ብላ፣ "እህቴ፣ ስልኬን ያዢልኝ" አለቻት። ዮዲ አላረመቻትም። ቁጥር ሰጠቻት። በማግስቱ ሻርፕ ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ከበሰቃ ወንድዬ ሆና ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ የኋላ ወንበር ላይ ሻርፑን ከቦርሳዋ ታወጣለች፤ ቃሊቲ ስትወርድ ዮዲ ናት። ጠያቂዎቹ ስሟን ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ከልጅነቷ በኋላ ስሟን ከሰው አፍ ሰማች። ባሎቻቸው፣ ልጆቻቸው ውስጥ የተዘጋባቸው ሴቶች ስልካቸውን ከነምስጢሩ ጥለውባት ይገባሉ፣ ሲወጡ አንዳንዴ አጠገቧ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። አንድም ስልክ ከእጇ ጠፍቶ አያውቅም። በአጭሩ ለዓመታት በደስታ ኖረች፤ ደስታ ደግሞ በእኛ ሠፈር ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ነው።

አንድ ቅዳሜ ሳህን በፎጣ የቋጠረች ሴት መጣች። ልጇ ዘአማኑኤል በድብድብ ተፈርዶበት ገብቶ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ይቺን ስልክ..." አለችና ቀና ብላ አየች። "ወይኔ በሞትኩት! ወንድዬ?"

ፍቅርተማርያም ነበረች። ዮዲ ሻርፗን ልትገፍ እጇን አነሳች።

"ተይው! ተይው እባክሽ!" አለች ፍቅርተማርያም፤ ሳህኗን አስቀምጣ እጆቿን አጨብጭባ ሳቀች። "ስታምሪ ደግሞ! ያኔም እኮ እንዲህ ነበርሽ። ኩሉን እኔ አልነበርኩም የምኩልሽ?"

"እትዬ፣ በማርያም፣ ለማንም እንዳይናገሩ።"

"እኔ? አፌን ይቁረጠው! እኔ ያወጣሁት ስም አይደል እንዴ? ዮዲዬ!" አንገቷ ሥር ስማት ገባች።

አፏ ሳይቆረጥ ሰንበት ገባ። ቅን ሴት ናት፤ በክፋት አይደለም። የማርያም ማኅበር ላይ፣ በፍቅርና በሳቅ ነው ያወራችው፦ "ያቺን ዮዲን አየኋት! ቁርጥ ያኔ የነበረችው!" ሴቶቹም ሳቁ፤ ጨዋታው ያላለቀ መሰላቸው። ሞትን አንድ ጊዜ ሸውደው የተመረቁ ሰዎች ናቸውና ሠፈሩ ተመልሶ የሚስቅ መሰላቸው። ሲመሽ ወሬው ወንዶቹ ጋ ደረሰ። ወንዶቹ አልሳቁም።

ጃለታ አሁን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የሠፈሩ ወጣቶች የቴሌግራም ግሩፕም ሊቀመንበር ነው። በዚያ ሰሞን ወሬው ሲሞቅ፣ ግሩፑ ላይ አንዱ ጻፈ፦ "ይሄ እኮ ድሮም ቀሚስ ይለብስ ነበር። ጃሌ፣ አንተስ ፌኔት አልነበርክም እንዴ? ሃሃ።" ጃለታ ጽሑፉን አጠፋው፤ ጸሐፊውንም በድርጅታዊ ውሳኔ ከግሩፑ አባረረው። በማግስቱ መኪናውን ቃሊቲ አቁሞ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ዮዲን ሻርፗን እንዳሠረች ቀረጻት። ቪዲዮው ሥር የጻፈው ይህ ነው፦ "የኛው ሠፈር ጉድ! ከውጭ ማን እንደሚከፍለው ይጣራ። ልጆቻችን ላይ ሳይደርስ እርምጃ ይወሰድ።"

ማንም እንደማይከፍላት ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ድልድዩ ላይ አብሯት የተቀመጠው እሱ ነው። ስሟ ከቤቷ እንደወጣ ከተነገረ ግን ከሷ ስም ኋላ የሱም ስም ተጎትቶ ይወጣል። ስለዚህ ዮዲ ከውጭ መምጣት ነበረባት። አድርባይነት የሚባለው ይኼ ነው፤ በአራት ገጽ በራሪ ወረቀት የሚብራራውን ነገር ጃለታ በሁለት መስመር ጨረሰው።

በሳምንቱ አጋማሽ ጋሼ አሻግሬ ብዙወርቅ ቤት መጣ። ብዙወርቅ ኩላሊቷን ከታመመች ቆይታለች፤ እግሯ አብጦ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣለች። ዮዲ ከማዕዘኑ ቆማለች።

"ብዙዬ፣ ነገሩ ከባድ ነው" አለ ጋሼ አሻግሬ፣ የቀድሞ የቀበሌ ሊቀመንበር ስለሆነ ቁጭ ብሎም ቆሞ እንደሚናገር ነው የሚናገረው። "ይህ ባዕድ ነገር ነው። ተልዕኮ ያለው ነገር ነው። የፊታችን እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ወይ ልጁ ከሠፈር ይወጣል፣ ወይ ቤትሽ ከዕድር ይሰረዛል።"

"ጋሼ" አለች ዮዲ ከማዕዘኑ፣ "ሹሩባዬን የቆረጡት አንቱ አይደሉም?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላው?"

"ያ ባህል ነው። ይሄ መጤ ነው።"

"ስሙም ያው፣ ጆሮዬም ያው፣ እኔም ያው። መጤው የቱ ነው?"

ጋሼ አሻግሬ ባርኔጣውን አገላበጠ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ነውና ቀዳዳዋን አላጣትም። "እናትህ በጉባኤው ፊት ቆማ፣ ስሙንም ልብሱንም ከልጅነቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ ካለች፣ ከውጭ መጣ የሚለው ክስ ይወድቃል። የኛው ነገር ይሆናል። የኛን ነገር ደግሞ እኛው እንይዘዋለን፤ ማንንም ከቤቱ አናስወጣም።" ተነሳ። "እሷ ካለች ነው እንግዲህ።"

ከሄደ በኋላ ዮዲ ውሃ አሙቃ የእናቷን እግር ሳፋ ውስጥ ከተተች። የበሩ መጋረጃ ተገልጦ የከሰዓቱ ፀሐይ እስከ አልጋው ይደርሳል።

"እሁድ ትናገሪያለሽ?" አለቻት።

"ምን ብዬ?"

"የሆነውን።"

ብዙወርቅ ሳሙናውን አቀበለቻት። "ከሳሪስ ነው የገዛሁት" አለች። "ቀዩን ቀሚስ። ነጭ ኮሌታ ያለውን። ሰውየው ለስንት ዓመት ልጅ ነው ሲለኝ፣ ለሴት ልጄ ነው አልኩት እንጂ ዓመቱን አልነገርኩትም።" ፈገግ አለች። "ጆሮሽን ስበሳሽ እንኳ አላለቀስሽም። መርፌውን ቀና ብለሽ አየሽው።"

ጆሮሽን። አላለቀስሽም። ከድግሱ ቀን ወዲህ እናቷ "አንቺ" ብላት አታውቅም።

"እናገራለሁ" አለች ብዙወርቅ። "በሁለቱ ልጆቼ አፈር! አንቺን ላኖር ሞትን በፊቱ የዋሸሁ ሴት አሻግሬን ልፈራ ነው?"

በዚያ ሳምንት ዮዲ ሻርፗን የኋላ ወንበር ላይ አላወጣችም፤ ሠፈሩ ውስጥ አሥራ ወጣች። ሕፃናት ተከተሏት፤ አንዱ ድንጋይ ወረወረ። እሁድ ያልቃል አለች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው የዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። ብረት ድስቶቹ ተደራርበዋል፣ አግዳሚዎቹ ተዘርግተዋል፤ ድንኳኑ ታጥፎ፣ ታስሮ፣ ከሰብሳቢው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። ዮዲ ሻርፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች። መጀመሪያ ጃለታ ተነሳ።

"ይህ ልጅ አብሮ አደጌ ነው። ስለዚህ ያማል" አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ግን ሠፈራችን እንደዚህ ያለ ነገር አያውቅም። አይቶም ሰምቶም አያውቅም!"

"ፌኔት" አለች ዮዲ በቀስታ። ጃለታ ብቻ ነው የሰማት። ቃሉን ያፈረሰችው አሁን ገና ነው፤ ያውም በሹክሹክታ። ከአንገቱ በላይ ቲማቲም መስሎ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ፍቅርተማርያም ተጠየቀች። የልጇ አመክሮ ቀርቧል፤ ሲወጣ ዋስ የሚሆነው ጋሼ አሻግሬ ነው። ይህን ጉባኤው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም ፊቷን አላየም።

"ስሙን ያወጣሽው አንቺ ነሽ ይባላል" አለ ጋሼ አሻግሬ።

"እኔ? እግዚኦ በሉ! እኔ የሰው ልጅ ላይ የሴት ስም? እኔ ቃሊቲ ሳገኘው ደንግጬ ነው የወደቅኩት።" ነጠላዋን ሳበች። "ያኔ ሕፃን እያለ ሰው ይጫወት ይሆናል። እኔ አላስታውስም።"

ጉባኤው ውስጥ ከተቀመጡት ውስጥ ያንን ድግስ ያልበላ ሽማግሌ አልነበረም። በጉን ከነአጥንቱ ያስታውሳሉ። ልጅቱን ግን ረሷት።

ወይዘሮ ብዙወርቅ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተነሳች። ዮዲ ከግድግዳው ራቅ ብላ ቀና አለች፤ እናቷ እንድታያት።

"ተናገሪ ብዙዬ" አለ ጋሼ አሻግሬ በለሰለሰ ድምፅ። እጁን እንዲያው ለማረፍ ያህል የታጠፈው ድንኳን ላይ ጣል አደረገ። "ማንም አያስገድድሽም። ይህ ድንኳን ያውቅሻል። ሁለቱን ልጆችሽን በሱ ነው የሸኘናቸው። ባልሽንም። አንቺም ታመሻል፣ ያውቅሻል።"

ብዙወርቅ ድንኳኑን አየች። ሸራው ጥግ ላይ ያለችውን ጥገና ሳትቀር አወቀቻት፤ በባሏ ቀብር ዕለት ነፋስ ቀዶት በእጇ የሰፋችው እሷ ናት። ብቻዋን፣ ድንኳን ሳይጣልላት፣ ንፍሮ ሳይቀቀልላት፣ አራት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ተሸክመዋት ስትሄድ ታያት። የማትፈራው ሞት ነበር። የምትፈራው ቀብር ነው።

"እኔ ያለበስኩት ነገር የለም" አለች።

ጋሼ አሻግሬ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

"ዮዲ የሚባል ስምስ?"

"አላውቅም።"

"ጆሮውን ማን በሳው?"

"ራሱ ነው" አለች ብዙወርቅ፣ አሁንም ድንኳኑን እያየች። "ሳሪስ ሄዶ ነው ያስበሳው።"

ሳሪስ። ዮዲ ግድግዳውን ተደገፈች። የሚዋሽ ሰው ቦታ ሲቸግረው እውነቱ ካለበት ይበደራል። ቀዩ ቀሚስ፣ ነጩ ኮሌታ፣ ለሴት ልጄ ነው የተባለው ሁሉ አንድ ላይ ተገልብጦ መጣባት።

"ልጁ ከሠፈር ይውጣ የሚለውን የሚቃወም?" አለ ጋሼ አሻግሬ። "ድምፀ ተአቅቦ? እንግዲህ በሙሉ ድምፅ።" ጭብጨባ ተጀምሮ በመሐሉ አፈረና ቆመ። "ወንድዬ፣ የምትለው ካለህ።"

"ጋሼ፣ ያኔ ልክ ነበሩ" አለች ዮዲ። "ዮዲን ሞት ወሰዳት ብለው ነበር። ያኔ ሳቃችሁ እንጂ አልቀበራችኋትም። ዛሬ ሥርዓቱ ተሟላ።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደጃፉ ላይ ለብየዳ ቤት ብረት ያመጣ ሲኖትራክ ወደኋላ ይመጣ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞልቶ አላየችውም፤ ቀጥታ ከኋላው ገባች።

"ዮዲ!"

ጩኸቱ ሠፈሩን ሰነጠቀው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ብረቱ በሙሉ ተንኳኳ። ዮዲ ዞረች፤ ሰው በስሙ ሲጠራ ይዞራልና። እናቷ የሁለቱን ሴቶች እጅ አስጥላ፣ ባበጠ እግሯ፣ ዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማለች፤ ሁለት እጆቿ ወደ ፊት ተዘርግተዋል። ከኋላዋ ጉባኤው በሙሉ ወጥቷል። ሁሉም ሰምቷል። ጃለታ የጫማውን ክር ሊያሥር ጎንበስ አለ።

"ማንን ነው የጠራችው?" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ፍቅርተማርያም፣ "እመቤቴን ነው" አለች። "ማርያምን ነው የጠራችው። ደንግጣ።"

ዮዲ አልሄደችም። መኪናው እየተንቀጠቀጠ አጠገቧ ቆሞ፣ እናቷን እያየች ጠበቀች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ የወጣውን አለመመለስ ራሱ ይበቃ ነበር።

ብዙወርቅ የተዘረጉ እጆቿን ሰበሰበች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

"ማርያምን ነው" አለች።

ዮዲ አስፋልቱ ላይ ወጥታ ሻርፗን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሁሉም እያያት አሠረችው። ሚኒባስ ቆመ። "ቃሊቲ፣ ሳሪስ! ግቢ እህት፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!" አለ ረዳቱ። ገባች። ዛሬ ሳሪስ ውስጥ ከአንዲት ጠያቂ ሴት ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት ቃሊቲ ደጃፍ ጥላዋን ተክላ የሰው ስልክ ትጠብቃለች። እስከ አሁን አንድም አልጠፋባትም።

የወይዘሮ ብዙወርቅ ዕድርም አልተሰረዘ። ድንኳኑ ታጥፎ ይጠብቃታል።